የመንገዱ ዳር

«ሹፌር» የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጥንተ ትርጉሙም እሳት አንዳጅ ማለት ነው። «አሽከርካሪ» ግን የራሳችን ነው፤ ጎማን የሚያሽከረክር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። እንግዲያ በገዛ እግሩ ጉልበት ጎማ ከሚያዞር ሰው የበለጠ አሽከርካሪ ማን አለ? ጥቅምት 29 ቀን 1961 ዓ.ም. በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ብስክሌተኛውንና ባለመኪናውን በአንድ ስም አሽከርካሪ ይላቸዋል። ስሙን ሲሰጠው ግዴታም ጭኖበታል፤ መሪውን ቢያንስ በአንድ እጁ ሊይዝ፣ በሌላ ተሽከርካሪም ላይጎተት።

የአገራችን የመንገድ ታሪክ ግን ከመኪና ውስጥ ሆኖ የተጻፈ ይመስላል። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቿ ተወዳድረዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ ተሽከርካሪ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ፤ ስዊድን ይህንኑ ያደረገችው ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይታ ነው። በዚያ ቀን ባለመኪናው ከመንገዱ አንድ እኩሌታ ወደ ሌላው እኩሌታ ተዛወረ። ብስክሌተኛው ግን ከግራ ዳር ወደ ቀኝ ዳር ሄደ። ዳሩ ተለወጠ እንጂ ዳርነቱ አልተለወጠም።

ዳር ደግሞ ባዶ ቦታ አይደለም። ጎርፍ የሚወርድበት፣ ጠጠር የሚከማችበት፣ ሚኒባስ ተሳፋሪ ፍለጋ ድንገት የሚታጠፍበት፣ የቆመ መኪና በሩን የሚበረግድበት ነው። ብስክሌተኛውን «ዳርህን ያዝ» የሚል ደንብ ሹፌሩንም «ዳሩን ልቀቅለት» ካላለው ግማሽ ደንብ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፈቱ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት የተለየ መስመር ሲሠራ፣ የቀረው ግማሽ መጻፍ ጀመረ ማለት ይቻላል።

የተለየ መስመር በሌለበት ግን ደንቡ የሚኖረው በሹፌሩ ልቦና ነው። እኛ ጉራጌዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በ1950ዎቹ አባቶቻችን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው መንገድ አስጠርገዋል። መኪና ያልነበረውም አዋጥቷል። ስለዚህ ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ የተነሣ ሹፌር፣ ቀኝ ዳሩን ይዞ የሚጓዝ ብስክሌተኛ ባየ ጊዜ ጥሩምባ ከመንፋቱ በፊት ፍሬን ቢይዝ ውለታ መዋሉ አይደለም፤ ለባለድርሻው ድርሻውን መስጠቱ ነው።