ከእንዚራ እስከ ቫልቭ፦ ስለ ድምፅ መሣሪያ አያያዝና ስለ ቃና ፍለጋ

አሊዩ አምባ በይፋት ቆላና በአንኮበር ደጋ መካከል የምትገኝ ጥንታዊት የገበያ ከተማ ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ቅፍለት ጭነቱን የሚያራግፈው በእርሷ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በዓርብ ገበያዋ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና አማራው እየተገናኙ ጨውን በቡና፣ ጥጥን በባሕር ማዶ ጨርቅ ይለዋወጡ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሡ ያመጣውን የጠመንጃና የመድፍ ስጦታ አስጭኖ ወደ አንኮበር ያቀናው በዚሁ አቅጣጫ ነበረ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በከተማይቱ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል።

የዚያን ዘመን የተጓዦች ጽሑፍ የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ንጉሡ ከባሕር ማዶ ዕቃ ባላነሰ ሁኔታ የሚፈልጉት ዕቃውን መሥራትና መጠገን የሚችለውን ባለሙያ ነበረ። ጠመንጃ በግመል ተጭኖ ይመጣል፤ ጠጋኙ ካልተገኘ ግን ከጥቂት ክረምት በኋላ ዝገት የበላው ብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የባሕር ማዶ ዕቃ ታሪክ በመድረሱ አይፈጸምም፤ የሚበልጠው የታሪኩ ክፍል ዕቃው ከደረሰ በኋላ በማን እጅና በምን ዕውቀት እንደ ኖረ የሚናገረው ነው። ይህ ነገር ስለ ጠመንጃ እውነት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ኢትዮጵያ ስለ ገባው የጊታር ድምፅ ማጉያም እውነት ነው።

ይሁን እንጂ ማጉያው ሲመጣ የድምፅ መሣሪያን መንከባከብ ለአገሩ ሰው አዲስ ሙያ አልነበረም። ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ጉም ይገባል። ከሰው ይልቅ ይህን ለውጥ የሚያውቁት ቆዳና ጅማት ናቸው። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ሲደርቅ ይከራል፤ የአንጀት ጅማትም ከአየሩ ጋር ድምፁን ይለውጣል። በቆላው ለመንዙማ የሚመታው ድቤም ሆነ በደጋው ለማሕሌት የሚመታው ከበሮ ቆዳው ሲረግብ በፀሐይ ወይም በእሳት አጠገብ ይሞቃል። መሲንቆ ተጫዋች የደጋኑን ጭራ በዕጣን ያሻል፤ ክራር ደርዳሪም መቃኛውን ሳይነካ ዜማ አይጀምርም። እንግዲህ ድምፅ በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር ሳይሆን በየጊዜው የሚበጅ ነገር መሆኑን የቀድሞ ሰዎች አሳምረው ያውቁ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ዕውቀት የሚያሳየው በገና ነው። በገና ዐሥር አውታሮች ያሉት፣ አውታሮቹም ከበግ አንጀት የሚፈተሉ ታላቅ መሣሪያ ነው። አውታሩ ከድምፅ ሣጥኑ በላይ በብርኩማው ላይ ሲያርፍ፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የተባለ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ሲነዝር እንዚራውን ደጋግሞ ይነካዋል፤ ከዚያም የተነሣ በገናን ከሌሎች የሚለየው የሚያጕረመርም ቃና ይወጣል። እንዚራው ከቦታው ጥቂት ቢርቅ ድምፁ ባዶ ይሆናል፤ ጥቂት ቢበዛ ይታፈናል። በገና ደርዳሪው በጣቱ በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ፣ እያዳመጠ ትክክለኛውን ስፍራ ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ መለኪያው ጆሮ ብቻ ነው። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ዓይን ሲታይ፣ እንዚራ የሚያደርገው ከዋናው ድምፅ በላይ የሚነዝሩ ረቂቃን ድምፆችን እንዲበዙ ማድረግ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

የመንግሥቱ መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ በኋላም የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የአሊዩ አምባ ገበያ የባሕር በርነቱን አጣ። የባሕር ማዶ የሙዚቃ መሣሪያም የመጣው በአዲሱ መንገድ ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። በ1935 የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ በዚያም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን የአገሩን ዜማ ለታላቅ ኦርኬስትራ እያዘጋጀ ሠራ። በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ውስጥም የሙዚቃ ክፍሎች ተደራጁ። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1956 ከተቋቋመ፣ የቆቃም የውኃ ኃይል በ1960 ሥራ ከጀመረ በኋላ ኤሌክትሪክ በከተማይቱ ሲስፋፋ፣ በነሐሱ ጎን የኤሌክትሪክ ጊታርና ማጉያው በመድረክ ላይ ታዩ።

የዚያ ዘመን ማጉያ አሠራር በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። የጊታሩ የብረት ክር በማግኔት ላይ ሲነዝር እጅግ ደካማ የሆነ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይወልዳል። ይህን ሞገድ የሚያበረታው ቫልቭ የተባለው፣ አየሩ የተመጠጠለት የመስታወት አምፑል ነው። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን ቫልቭ በ1904 ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ደ ፎረስት በውስጡ ወንፊት መሰል ሽቦ ጨምሮ ድምፅን ማጉላት የሚችልበትን መንገድ ከፈተ። በቫልቩ ውስጥ የጋለው ብረት ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ከጊታሩ የመጣው ደካማ ሞገድ በወንፊቱ ላይ ሆኖ ይህን ፍሰት እንደ ውኃ በር ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋልም። የበረታው ሞገድ በትራንስፎርመር በኩል ወደ ድምፅ ማውጫው ይደርስና የወረቀቱን ሾጣጣ ያንቀጠቅጣል።

ቫልቭ ከዐቅሙ በላይ ሲጫን ድምፁ በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ ቀስ እያለ ይሻክራል፣ በዋናውም ድምፅ ላይ ረቂቃን ድምፆችን ይጨምራል። እንግዲህ እንዚራ በቆዳ የሚሠራውን ቫልቭ በኤሌክትሮን ይሠራዋል ማለት ነው። የፈረንጅ መሐንዲሶች መጀመሪያ ይህን መሻከር እንደ ጉድለት ቈጥረው ሊያስወግዱት ይደክሙ ነበር። የበገናን ማጕረምረም እንደ ጸጋ ሲሰማ ለኖረ ጆሮ ግን ጥራት ማለት መሻከር የሌለበት ድምፅ ማለት አልነበረም።

ይህን መሣሪያ በአዲስ አበባ ማኖር የራሱ ችግር ነበረው። በአሜሪካ የተሠራ ማጉያ ለ117 ወይም ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርትዝ የተሰናዳ ሲሆን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ነው። ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ሳይኖር የተሰካ እንደ ሆነ ወዲያው ይቃጠላል። ቀናሹም ቢኖር የሄርትዙን ቍጥር ስለማይለውጥ የማጉያው ትራንስፎርመር ከተመደበለት በላይ ይግላል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ በመሆኑ የጋለውን ዕቃ እንደ ልብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ የማጉያውን ጀርባ ከግድግዳ ያርቃል፤ ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ አቧራው በመቈጣጠሪያዎቹ ውስጥ እየገባ ድምፁን ስለሚያንጫጫ አዘውትሮ ያጸዳል።

በማጉያው ውስጥ ቀድሞ የሚያረጀው ኮንደንሰር ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በዓመታት ብዛት ይደርቃል፤ በዚያን ጊዜ ጊታሩ ሳይነካ እንኳ ከማውጫው ዝቅ ያለ እምምታ ይሰማል። ይህ እምምታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቸል ያለው ሰው ኮንደንሰሩን ብቻ ሳይሆን ሊተካ የማይችለውን ትራንስፎርመርም ያጣል። ለብዙ ዓመት ተዘግቶ የቆየውን ማጉያ በድንገት በሙሉ ኃይል መክፈት አይገባም፤ ኃይሉን ከትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል። የድምፅ ማውጫው ተነቅሎ ሳለ ማጉያውን ማስነሣትም የውጤት ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል። የኃይል ቫልቮች ሲለወጡ የሚያልፍባቸው ኤሌክትሪክ እንደ ገና መለካት አለበት፤ እጅግ ቢያንስ ድምፁ የሳሳና የደረቀ ይሆናል፣ እጅግ ቢበዛ ቫልቩ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ከሁሉ በላይ ግን ሽቦው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ሰውን ሊገድል የሚችል በመቶ የሚቈጠር ቮልት ይቀራልና፣ ኮንደንሰሩን ሳያፈስስ እጁን የሚያገባ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ትክክለኛውን ቃና መፈለግ ነው። ክራር የሚመታው ክፍት በሆነ ክር ስለ ሆነ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ ቅኝት ክሮቹ እንደ ገና ይቃኛሉ። ጊታር ግን ክሮቹ ሳይለወጡ ጣት ቅኝቱን ይመርጣል። የክራር ድምፅ ተመትቶ ቶሎ ይሞታል፤ የማጉያው ድምፅ ደግሞ ይረዝማል፣ አንዱም ቃል በሌላው ላይ ይደረባል። ስለዚህ የክራርን ቁጥብነት የሚሻ ጊታር ተጫዋች ክሩን በመዳፉ ያፍናል፣ ጎርናናውንም ድምፅ በመቈጣጠሪያው ይቀንሳል። የተጫነ ቫልቭ ብዙ ድምፆችን በአንድነት ሲቀበል ያደበላልቃቸዋል፤ አንድ ነጠላ ዜማ ሲቀበል ግን ያደምቀዋል። የኢትዮጵያ ዘፈን በአብዛኛው በአንድ የዜማ መስመር የሚሄድ በመሆኑ የማጉያው ጠባይ ለእርሱ የተመቸ ሆነ።

የዚህ መገናኘት ማስረጃ በሸክላ ላይ ይገኛል። አምሃ እሸቴ በ1969 በግል ኀይሉ የሸክላ ማሳተም ሥራ ጀምሮ እስከ 1975 ድረስ የዘመኑን ታላላቅ ድምፃውያን አሳተመ። ጌታቸው መኩሪያ የሽለላን ድምፅ በሳክስፎን ሲያሰማ፣ ሙላቱ አስታጥቄ የአገሩን ቅኝት ከጃዝ ጋር ሲያዋሕድ፣ ማሕሙድ አሕመድም ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን በ1975 ሲያስቀርጽ፣ ባሕር ማዶ የተሠራው መሣሪያ በአገሩ ቅኝት ይናገር ነበር። ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ የታተሙት ሥራዎች ይህን ድምፅ ለዓለም አሰሙ።

ድምፁ ዓለምን ሲያዞር ግን ድምፁን ያወጡት ዕቃዎች ተበተኑ። ከ1974 ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊቱን ሙዚቃ አጠፋው፤ ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ ካሴት ሸክላን፣ ትራንዚስተር ቫልቭን ተካ። የተቋማቱ ማጉያ የመንግሥት ንብረት እንጂ የተጫዋቹ ስላልነበረ፣ ሲበላሽ እንደ አሮጌ ወንበር ከመዝገብ ይሰረዛል። በገና በሙዚየም መስታወት ውስጥ ክብር ሲያገኝ ማጉያ ግን ለመዳቡና ለብረቱ ይፈርሳል። ከእርሱም ጋር የትኛው ቫልቭ በየትኛው እንደ ተተካ፣ የተቀደደው የማውጫ ወረቀት በምን እንደ ተለጠፈ የሚያውቀው የሬዲዮ ጠጋኝ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ግማሾቹ አሮጌው ማጉያ አንዲት ሽቦ እንኳ ሳትለወጥ መቀመጥ አለበት ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ መሣሪያ ካልተጫወቱበት ሬሳ ነውና እንደ አስፈላጊነቱ ይለወጥ ይላሉ። የበገና ልማድ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። የበገና ጅማት ይበጠሳል፣ እንዚራውም ያልቃል፤ ባለቤቱ ሁለቱንም ደጋግሞ ይለውጣል፤ ሣጥኑን፣ ምሰሶውንና ቀንበሩን ግን ይጠብቃል፤ በገናውም ያው የአባቶች በገና ነው። እንዲሁም ኮንደንሰርና ቫልቭ ጅማትና እንዚራ ናቸው፤ ትራንስፎርመሩ፣ ሣጥኑና የሽቦው አዘረጋግ ደግሞ ምሰሶና ቀንበር ናቸው። የሚያልቀው ይለወጥ፣ የሚኖረው ይጠበቅ፣ የተለወጠው ሁሉ ይጻፍ።

መጻፉ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ሲተላለፍ አንድ ክፉ ዘመን ሊበጥሰው ስለሚችል ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1972 የተጀመረው የበገና ትምህርት በደርግ ዘመን ተቋርጦ ነበር። ጥበቡ ከመጥፋት የዳነው እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ መምህራን በልባቸውና በጣታቸው ይዘውት ስለ ቆዩ ነው። ማጉያውን የሚያውቁት ጠጋኞች ግን መምህር ተብለው አልተጠሩም፣ ደቀ መዝሙርም አልተመደበላቸውም።

ሙላቱ አስታጥቄ ከ2007 እስከ 2008 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በቆየበት ጊዜ ክራርን ለማሻሻል ደክሟል። ዛሬም የብረት ክር ተስቦለት በማጉያ የሚሰማ ክራር በኢትዮጵያም በስደትም አለ። ስለዚህ ማጉያ በኢትዮጵያ የድምፅ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ሆኖ አልቀረም፤ ቤተኛ ሆኗል። ወደ አሊዩ አምባ በግመል የመጣው ጠመንጃ ጠጋኝ እንደ ፈለገ ሁሉ በባቡር የመጣውም ማጉያ ጠጋኙንና ጸሐፊውን ይፈልጋል። ይህ ካልሆነ ለመጪው ትውልድ የሚተርፈው ሸክላው ብቻ ይሆናል፤ ያን ቃና ያወጣው እጅ ምን ያውቅ እንደ ነበረ ግን ሸክላው ራሱ ሊናገር አይችልም።