በኮምፒውተሮች መካከል ስለ ተጻፈው ውል

በሁለት ድርጅቶች የሚገኙ፣ በልዩ ልዩ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉና በማይተዋወቁ ሰዎች የሚጠበቁ ሁለት ፕሮግራሞች፣ አንዱ የሌላውን ውስጣዊ አሠራር ሳይመረምር በጽሑፍ ብቻ እየተላላኩ አንድ ሥራ እንዲፈጽሙ ማድረግ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ቢቆጠርም፣ ወደዚህ ያደረሰው መንገድ ብዙ ክርክር የተደረገበት ነው። ኤክስኤምኤል ዌብ ሰርቪስ የሚባለው ይህ ሙያ ከመነሻው አንድ ጥያቄ ተሸክሞ መጥቷል፤ ይኸውም የበላይነቱ የፕሮግራሙ ነውን ወይስ የመልእክቱ? የሚል ነው። የሙያው ሊቃውንት መልእክቱን ባስቀደሙበት ጊዜ ሥራቸው እንደ ጸና፣ ፕሮግራሙን ባስቀደሙበት ጊዜ ግን እንደ ተናጋ ታሪኩ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

የጽሑፍን ክፍሎች በምልክት ለይቶ የመሰየም ጥበብ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1969 በአይቢኤም ድርጅት ውስጥ ነው። ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የጠበቆችን ጽሕፈት ቤት መዛግብት በኮምፒውተር ለማደራጀት ሲደክሙ፣ ምልክቱ ክፍሉ በወረቀት ላይ የሚኖረውን መልክ ሳይሆን ምንነቱን፣ ርእስ ወይም አንቀጽ መሆኑን፣ እንዲናገር አደረጉ። ይህ አሳብ አድጎ በ1986 ኤስጂኤምኤል በሚል ስም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ቢጸድቅም፣ ሕጉ እጅግ የበዛና የረቀቀ ስለ ነበረ ለኢንተርኔት አልተመቸም። ስለዚህ በ1996 በጆን ቦሳክ ሰብሳቢነት የተቋቋመው ጉባኤ ከዚያ ሰፊ ሕግ ፍሬውን ከገለባው ለየ፤ ቲም ብሬይ፣ ዣን ፓኦሊና ስፐርበርግ ማክዊን በአርታኢነት ያሰናዱት ኤክስኤምኤልም ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1998 ታወጀ። ከድንጋጌዎቹ ሁሉ ጥብቁ፣ የተከፈተ ምልክት ሳይዘጋ የተገኘ እንደ ሆነ አንባቢው ፕሮግራም በግምት አርሞ እንዳይቀጥል፣ ስሕተቱን ተናግሮ እንዲያቆም የሚያዝዘው ነው። ይህን እንደ ጭካኔ ቈጥረው የተቃወሙት ነበሩ፤ ነገር ግን የገንዘብ መጠን ወይም የመድኃኒት ልክ የያዘ መልእክት ጎድሎ ሲገኝ በግምት ከሚሞላ ይልቅ ወደ ላኪው ቢመለስ እንደሚሻል ማን ይክዳል?

እዚህ ላይ የኛን ፊደል የሚመለከት ነገር አለና ሳልጠቅሰው አላልፍም። ኤክስኤምኤል የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለመቀበል ዩኒኮድ የተባለውን የፊደላት መዝገብ መሠረት ቢያደርግም፣ የምልክት ስም ለመሆን የሚፈቀድላቸውን ፊደላት ዝርዝር የወሰደው ከዩኒኮድ ሁለተኛ እትም ነበር፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚህም የተነሣ አማርኛ በምልክቶቹ መካከል እንደ ልብ ሊጻፍ ሲችል፣ ምልክቱን ራሱን ግን «ስም» ወይም «ዋጋ» ብሎ በአማርኛ መሰየም ክልክል ሆኖ ቆየ። ይህን ለማቃናት በ2004 የወጣው 1.1 የተባለው እትም ተጠቃሚ ስላላገኘ፣ በኖቬምበር 2008 የቀድሞው 1.0 ራሱ በአምስተኛ እትሙ ተሻሽሎ በሩ ተከፈተ። ዐሥር ዓመት ማለት ነው። ሕግ አውጪዎች ዝርዝሩን በአንድ ዘመን ላይ ቢያቆሙት በዚያ ዘመን ያልተመዘገበው ሕዝብ ከደጅ እንደሚቀር ይህ ምስክር ነው።

ለንባብ የተዘጋጀው ኤክስኤምኤል ወደ ፕሮግራሞች መነጋገሪያነት የተሻገረው ወዲያው ነበር። ከዚያ በፊት ኮርባና ዲኮም የሚባሉት ዘዴዎች ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት መሣሪያ እንዲይዙ ያስገድዱ ነበር፤ በየድርጅቱ ድንበር የቆመው ፋየርዎልም አያሳልፋቸውም ነበር። በ1998 ዴቭ ዋይነር፣ ዶን ቦክስና የማይክሮሶፍት ባልደረቦቻቸው መልእክቱን በኤክስኤምኤል ጽፈው፣ ድረ ገጽ በሚያልፍበት በኤችቲቲፒ በር ለመላክ አሰቡ፤ ከዚህም ኤክስኤምኤል አርፒሲና ሶፕ ተወለዱ። የሶፕ መልእክት በኤንቨሎፕ የተጠቀለለ ሆኖ፣ ስለ አደራረሱ የሚናገር ራስጌና ዋናውን ጉዳይ የያዘ አካል አለው። በሜይ 2000 የቀረበውን የሶፕ 1.1 እትም ማይክሮሶፍትና አይቢኤም በአንድነት መፈረማቸው፣ የተፎካካሪዎችን ስምምነት ስላሳየ፣ ከቴክኒኩ ይልቅ የሚደነቅ ነው። በማርች 2001 ደግሞ አገልግሎቱ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ የሚዘረዝረው የውል ሰነድ፣ ደብሊውኤስዲኤል፣ ቀረበ። የዓለም አገልግሎቶች ሁሉ ይመዘገቡበታል የተባለው ዩዲዲአይ ግን ፈላጊ ሳያገኝ የሕዝብ መዝገቡ በ2006 መጀመሪያ ተዘጋ።

ፕሮግራሙን የማስቀደም ስሕተት የመጣው ከምቾት ነው። በ2002 የወጣው፣ ዶት ኔት የተባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ፣ ፕሮግራመሩ ከተግባሩ በላይ ዌብሜተድ የምትል አንዲት ምልክት ቢጽፍ የውሉን ሰነድ መሣሪያው ራሱ አመንጭቶ ያቀርብለት ነበር፤ ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ወገን እንዲሁ። ስለዚህ ውሉ ከፕሮግራሙ የሚወለድ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የአንድ ነገር ስም በተለወጠ ቍጥር ውሉም ሳይታወቅ ይለወጥ ጀመር። ኢንኮድድ በሚባለው አጻጻፍ የየቋንቋው ውስጣዊ ቅርጽ ወደ መልእክቱ ሲገባም የዶት ኔት ቀንና የጃቫ ቀን፣ ባዶው ዋጋና የዋጋው መታጣት አልገጣጠም አሉ። ይህን ለማስታረቅ በ2002 የተቋቋመው ደብሊውኤስ አይ የተባለው ማኅበር ቤዚክ ፕሮፋይል በተሰኘው ደንቡ ኢንኮድዱን ከለከለ። አስተዋይ ሠሪዎችም ከዚህ ተምረው ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ አስቀድሞ የመልእክቱ ቅርጽ ስኪማ በሚባለው መግለጫ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ውሉ ይዘጋጃል፣ ፕሮግራሙ ግን በመጨረሻ ይመጣል። ውሉ ከታወጀ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ግዴታ የሌለበት እንዲሆን፣ የቀድሞውን የሚያፈርስ ለውጥ ካለም አዲስ ኔምስፔስ (የስሞች ክልል መለያ) እንዲሰጠው ልማድ አደረጉ።

በዚህ መካከል ሮይ ፊልዲንግ በ2000 በጻፈው የዶክትሬት ድርሳን ሬስት የተባለውን ቀላል ሥርዓት አስተምሮ ነበር፤ የሶፕ ተጨማሪ ደንቦች በበዙ መጠን ወጣቶቹ ፕሮግራመሮች ወደዚያና ጄሰን ወደሚባለው የመልእክት አጻጻፍ አዘነበሉ፤ ሁኔታውን ለሚያይ ይህ አያስገርምም።

ኤክስኤምኤል ግን ውል በሚከበርበት ስፍራ ቀረ። የባንኮች መልእክት ማስተላለፊያ የሆነው የስዊፍት አባል ባንኮች ከማርች 2023 ጀምሮ አገር ለአገር የሚላኩትን የክፍያ ትእዛዞች አይኤስኦ 20022 ወደሚባለው የኤክስኤምኤል መልእክት ማዛወር ጀምረው፣ የመሸጋገሪያው ጊዜ በኖቬምበር 2025 ተፈጽሟል። በአሮጌው ቅጽ የከፋዩ ስምና አድራሻ እያንዳንዳቸው 35 ፊደል በሚይዙ አራት መስመሮች ተጨናንቆ ይጻፍ ነበር፤ በአዲሱ ስሙ፣ መንገዱ፣ ከተማውና አገሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት አላቸው።