መውረድ የሚቀድምበት ገደል

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ ምድር፣ ቬርዶን የሚባል አረንጓዴ ወንዝ አለ፤ እስከ 700 ሜትር በሚጠልቅ ሸለቆ ውስጥ ሲጥመዘመዝ ይቆይና፣ ከገደሎቹ መሃል ወጥቶ ሳንት ክሯ ከሚባለው ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ የግድብ ሐይቅ ነው። በ1970ዎቹ ውሃው ሲሞላ ሌ ሳል የምትባለው መንደር ሰጠመች፣ ሰዎቿም ከዳርቻው ከፍ ብለው አዲስ መንደር ሠሩና ያንኑ ስም አወጡላት። አገር መልቀቅ ከባድ ነውና!

ገደሉ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፣ ስስ አሲድ ይሆናል፣ ድንጋዩንም ስንት ዘመን ሙሉ ሲያሟሟው ኖሮ፣ ጣት ሊጥ ላይ ተጭኖ የወጣ የሚመስሉ ጉድጓዶች ትቶበታል። አንዳንዱ ሦስት ጣት ይይዛል፣ አንዳንዱ አንዲት ጣት ብቻ።

ሌላው ጋ ገደል የሚወጣ ሰው ከሥር ይነሳል፤ እዚህ ኤስካሌስ በተባለው የገደሉ ግድግዳ ግን ብዙዎቹ የሚነሱት ከአናቱ ነው። ማለዳ ከላ ፓሉ መንደር ወጥተው በመኪና ጥርጊያ ከአፋፉ ይደርሳሉ፣ ከዚያም ገመዱን ያስራሉ፣ ከዚያም ለባዶው ጀርባቸውን ሰጥተው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ከ1999 ጀምሮ ወደ አካባቢው የተመለሱት ጥንብ አንሳዎችም ክንፋቸውን ዘርግተው በአጠገባቸው ያልፋሉ። ከዚያ ገመዱ ይሳባል። ከዚህ ወዲያ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው፣ በእነዚያ የጣት ጉድጓዶች።

ፓትሪክ ኤድሊንገር የሚባል ጎበዝ እዚህ ያለ ገመድ ሲወጣ፣ ዣን ፖል ዣንሰን በ1980ዎቹ በፊልም ቀርጾት ስሙ በመላው ፈረንሳይ ናኘ። ውበቱ አይካድም፤ ዳንኪራ የሚረግጥ እንጂ የሚፈራ ሰው አይመስልም ነበር። እኔ ግን ልቤ የሚያደላው በ1968 እዚሁ ላ ደማንድ የተባለውን የመውጫ መስመር መጀመሪያ ለወጡት ለኮክኞና ለጊዮ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ገመድ ይዞ፣ ሁለት ነፍስ በአንድ ገመድ። ባልንጀራውን ጠብቆ ዝም ብሎ ቆሞ የሚውል ሰው፣ ማንም ባያጨበጭብለትም፣ ለእኔ ከጀግና አያንስም።

ልጆቻችሁ ወደዚያ ቢሄዱ አደራ በሏቸው፦ ከመውረዳቸው በፊት በገመዱ በሁለቱም ጫፍ ቋጠሮ ይሰሩ። ገመዱ አጭር መሆኑ ሳይታወቃቸው ከጫፉ አምልጠው የወደቁ አሉ።