ፋርማሲስቱን ከመስኮቱ ጀርባ ማን ያውጣው?

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ለደም ግፊት ክትትል ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል እወስዳት ነበር። ሐኪሙ አይቷት ማዘዣ ይጽፋል፣ እኛም ፋርማሲው መስኮት ላይ እንሰለፋለን። ተራችን ሲደርስ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ወጣት ማዘዣውን አይቶ «ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይለናል። ሦስት ወር በተከታታይ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ወር ንዴቴ ገንፍሎ «የደም ግፊት መድኃኒት እንዴት ሆስፒታል ውስጥ ይጠፋል?» አልኩት። ልጁ አልተቆጣኝም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ምን እንደሚገዛ የምወስነው እኔ አይደለሁም። ለምን እንዳልተገዛም የሚነግረኝ የለም» አለኝ።

ይህ ልጅ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። በየቀኑ ስንት ሰው ያለ መድኃኒት እንደሚመለስ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ውሳኔው የሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ወንበር የለውም። ወንበር ቢሰጡትስ እዚያ ተቀምጦ ምን እንደሚል ያስተማረው አለ? ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ስመረምር ያገኘሁት ታሪክ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

◆ አንድ ሰው፣ አንድ ሆስፒታል፣ 1927

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር ከተማ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሆስፒታል ፋርማሲስት ኑሮ ከእኛው ልጅ ብዙም አይለይም ነበር። ሆስፒታሎች ፋርማሲውን እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር የሚያዩት። የተከበረው ፋርማሲስት ከተማ ውስጥ የራሱን ሱቅ የከፈተው ነው።

ሃርቪ ዊትኒ የሚባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዋና ፋርማሲስት በ1927 አንድ አዲስ ነገር ጀመረ። የተመረቁ ወጣት ፋርማሲስቶችን ሆስፒታሉ ውስጥ አስቀምጦ በሥራ ላይ ማሠልጠን ያዘ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የፋርማሲ ኢንተርንሺፕ የሚባለው ይህ ነው። እኔን የገረመኝ የሥልጠናው ዓላማ ነው። ዛሬ የሆስፒታል ፋርማሲ ሥልጠና ሲባል አእምሯችን የሚሄደው ወደ በሽተኛው አልጋ ነው። ያኔ ግን ዋናው ሐሳብ የሆስፒታልን የፋርማሲ አገልግሎት የሚመሩ ሰዎችን ማፍራት ነበር። ሙያው ሆስፒታል ውስጥ ሥር የሰደደው መሪዎቹን አስቀድሞ በማሠልጠን ነው ማለት ነው።

የዘሩት ቆይቶ በቀለ። በ1942 የአሜሪካ የሆስፒታል ፋርማሲስቶች ማኅበር ሲመሠረት መሪ ሆኖ የተመረጠው ይኸው ዊትኒ ነው። በሥሩ የሠራው ዶናልድ ፍራንኬ በሆስፒታሉም በማኅበሩም ቦታውን ተረከበ። ፍራንኬ ከባልደረቦቹ ጋር የአገሪቱን የሆስፒታል ፋርማሲዎች ሁኔታ አስጠንቶ በ1964 እንደ መስታወት የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከመጽሐፉ አዘጋጆች አንዱ ክሊፍተን ላቲዮሌ ደግሞ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ዲግሪንና የሆስፒታል ሥልጠናን አንድ ላይ ያጣመረ ፕሮግራም አቋቁሞ ብዙ የፋርማሲ ዳይሬክተሮችን አወጣ። ሰንሰለቱን ልብ በሉ፤ አንዱ ሌላውን አሠልጥኖ ነው ቦታውን ያስረከበው።

ይህም ሆኖ አሜሪካኖቹ ተዘናግተው አያውቁም ማለት አይደለም። በ2005 ሣራ ዋይት የተባለች አንጋፋ የፋርማሲ መሪ ባቀረበችው ጥናት ከፋርማሲ ዳይሬክተሮች አሥሩ ስምንት ያህሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ቦታቸውን እንደሚለቁ ሲናገሩ፣ ሊተካቸው የሚፈልገው ወጣት ግን ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ማኅበሩም ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ለፋርማሲ አመራር ብቻ የተለየ የሥልጠና ማዕከል አደራጀ።

◆ እኛስ?

እኛ አገር የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1961፣ በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለአሥርት ዓመታት ትምህርቱ ያተኮረው በመድኃኒቱ ላይ ነበር። ቅመማው፣ ኬሚስትሪው፣ ጥራቱ፣ አቀማመጡ። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ አምስት ዓመት ሆነ፤ ተማሪው ዋርድ ገብቶ በሽተኛ ማየት ጀመረ። ጂማ ዩኒቨርሲቲም በክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርስ ማስተማር ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

በዚያው ሰሞን ሌላም ለውጥ ነበር። በ2007 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ በአዋጅ ተቋቋመ። በ2006 የተጀመረው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የክሊንተን ፋውንዴሽንና የዬል ዩኒቨርሲቲ ትብብር ደግሞ ሆስፒታሎቻችንን በሠለጠነ ሥራ አስኪያጅ የማስመራትን ሐሳብ ይዞ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላም ጂማ ላይ ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ። አገሪቱ «ሆስፒታል መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ይማሩታል» ብላ አመነች ማለት ነው። ፋርማሲውን የሚመራውን ሰው በተመለከተ ግን ያን ያህል አላሰብንበትም። በሽተኛውን እንዲያይ አስተማርነው፤ በጀቱን እንዲያይ አላስተማርነውም።

◆ ደብረ ማርቆስ ያሳየን

ግን አንድ የምንኮራበት ታሪክ አለን። በ2011 ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላይ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ኤፒቲኤስ የሚባለው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት ተጀመረ።

ከዚያ በፊት አሠራሩ ምን ይመስል ነበር? መንግሥት ቤት የሠራችሁ ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን ታውቋቸዋላችሁ። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። መድኃኒቱ ከስቶር ወጥቶ መስኮቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ዱካው ይጠፋል። የተሰበሰበው ብር ይታወቃል፤ የትኛው መድኃኒት፣ ስንት ፍሬ፣ ለማን እንደተሰጠ አይታወቅም። መድኃኒት ቢጠፋ ተሰርቆ ይሁን፣ ጊዜው አልፎ ይሁን፣ ለበሽተኛ ተሰጥቶ ይሁን ማስረጃ የለም። ሐቀኛው ፋርማሲስት ከሌባው ጋር እኩል ይጠረጠራል።

አዲሱ ሥርዓት የመድኃኒቱን ስም፣ ብዛትና ዋጋ የሚይዝ የሽያጭ ትኬት አመጣ። ማዘዣ የሚመረምረው፣ ሒሳብ የሚቀበለውና መድኃኒት የሚያስረክበው ተለያዩ። ለፋርማሲው የራሱ የሒሳብ ሠራተኛ ተመደበለት። መድኃኒቶች ከሚወስዱት ገንዘብና ሕይወት ከማዳን አቅማቸው አንጻር በደረጃ ተለዩ። የፋርማሲ ኃላፊው በየወሩ ቁጥር ይዞ ሥራ አስኪያጁ ፊት መቅረብ ቻለ። ክልሉ አሠራሩን በመመሪያ ደገፈው፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎችና ወደ ፌዴራል ሆስፒታሎች ተስፋፋ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ሒሳብ አያያዝ ብቻ ያየዋል። ለእኔ ግን ፋርማሲስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረጃ ይዞ ጠረጴዛው ጋ የቀረበበት ቀን ነው። «መድኃኒት የለም» ማለትና «ይህ መድኃኒት ባለፉት ሦስት ወራት ይህን ያህል ወጥቷል፣ የቀረን የሁለት ሳምንት ነው፣ ዛሬ ካልገዛን እናልቃለን» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

◆ ታዲያ ምን ጎደለ?

በክልል ከተማ የሚሠራ አንድ ፋርማሲስት ወዳጄ እንዲህ አለኝ። «ትኬቱም ሪፖርቱም አለ። ግን ኃላፊ የሆንኩት አንድ ቀን ደብዳቤ ደርሶኝ ነው። በጀት መከራከር፣ የግዥ ሕግ፣ ሃያ ሰው ማስተዳደር ማንም አላሳየኝም። ስብሰባ ላይ ቁጥሩን አነብና እቀመጣለሁ።»

ጎዶሎው ይህ ነው። ቅጹን አሻሻልን፤ ቅጹን ይዞ የሚከራከረውን ሰው ግን አላሰለጠንም። በየሆስፒታሉ ያለውን የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ተመልከቱ። እንደ ልማዱ ሰብሳቢው ሐኪም፣ ጸሐፊው ፋርማሲስት ነው። ቃለ ጉባኤ መያዝ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሐሳብን ማሳመን ሌላ ችሎታ ነው። ከወዳጄ በኋላ የሚሾመውም ያው ደብዳቤ ደርሶት ከዜሮ ይጀምራል።

«ፋርማሲስት መድኃኒቱን ያድል፣ አስተዳደሩን ለአስተዳዳሪ ይተው» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ጥሩ ባለሙያ ወደ ቢሮ ገብቶ ሲባክን አይተናል። ነገር ግን መድኃኒት ከደመወዝ ቀጥሎ የሆስፒታልን ገንዘብ በብዛት ከሚወስዱት ወጪዎች አንዱ ነው። ይህን ገንዘብ የመድኃኒቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ካልመራው፣ የማያውቅ ይመራዋል። ሦስተኛ ምርጫ የለም።

ወጣቶቹ አመራር አይፈልጉም የሚባለውም እውነት ሊሆን ይችላል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? መሪ ፋርማሲስት አጠገቡ ቆሞ ያላየ ልጅ መሪ መሆንን ከየት ይመኘዋል?

እኔ የምለው ዊትኒ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ያደረገውን ነው። አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። ጥሩ ሥርዓት ያላቸው ጥቂት ሆስፒታሎች ይመረጡ። ኃላፊ የሚሆነው ፋርማሲስት እዚያ ካለው ኃላፊ ጎን አንድ ዓመት ይሥራ፤ በጀት ሲዘጋጅ፣ ግዥ ሲፈጸም፣ ኮሚቴ ሲሰበሰብ አብሮ ይቀመጥ። ሹመቱም ከዚህ ሥልጠና ጋር ይታሰር። ሥልጠና ወስዶ የሚመለስበት ቦታ ከሌለው ግን ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

እናቴ መድኃኒቷን ዛሬም ከውጭ ነው የምትገዛው። ያን ልጅ ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም፤ አገሩን ለቅቆ ይሁን ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄዶ አላውቅም። መስኮቱ ላይ አሁን ሌላ ልጅ ተተክቷል፤ እሱም «የለም» ይላል።

በሙያው ውስጥ ያላችሁ፣ እናንተ እንዴት ኃላፊ ሆናችሁ? ሠልጥናችሁ ነው ወይስ ደብዳቤ ደርሷችሁ? ጻፉልኝ። መልካም ሳምንት።