ጉቶው ሲቀር
የደሎ መና ቡና አብቃይ ያውቀዋል፤ ያረጀ ቡና ቢጎነደልም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የደም ካንሰርም ጉቶ አለው፤ ግንደ ሕዋስ ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የቶሮንቶው ጆን ዲክና ባልደረቦቹ የሕመምተኞችን የካንሰር ሕዋሳት ወደ አይጦች ሰደዱ። በሽታውን እንደ አዲስ ያስነሳው ከ250,000 ሕዋሳት 1 ያህሉ ብቻ ነበር።

በ2001 ኢማቲኒብ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያን በክኒን መግታት ተቻለ። ጉቶውን ግን ብዙ ጊዜ አይነቅልም። በ2010 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ በሽታው ከደማቸው ጠፍቶ ክኒኑን ካቆሙት ከግማሽ በላይ እንዳገረሸባቸው አሳየ።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ሐረናን አቋርጦ፣ ሳነቴን ወጥቶ፣ በጎባና በሮቤ አድርጎ ጥቁር አንበሳ የሚደርሰውን እናስብ። «ተሻለኝ» ብሎ ክኒኑን ቢተው ማን ይፈርድበታል? እኛ ግን እንንገረው፦ ጉቶው አለ፤ ሐኪም ሳያማክር አይተው!