ሜትፎርሚን፦ ከመርዛማ ዕፅ የተነሣ መድኃኒት

ጋሌጋ የተባለው ዕፅ በአውሮፓ የባህል ሕክምና የታወቀ ቢሆንም በጎችን የሚመርዝ ነው። በውስጡ የጉዋኒዲን ዝርያ የሆነ ጋሌጊን ይገኛል። ጉዋኒዲን በእንስሳት ደም ያለውን ስኳር እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1918 ቢታወቅም፣ መርዛማነቱ ለሕክምና አላበቃውም። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነውን ሜትፎርሚን ኤሚል ወርነርና ጄምስ ቤል በ1922 በደብሊን ቀመሙት፤ ኢንሱሊን በዚያው ዘመን በመገኘቱ ግን ተዘንግቶ ቆየ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕሙማን ሰጥቶ ያገኘውን ውጤት ያሳተመው በ1957 ነው።

የቅርብ ዘመዱ ፌንፎርሚን በላክቲክ አሲዶሲስ ሕይወት በመቅጠፉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከብዙ አገሮች ገበያ ተነሣ። ጥርጣሬው፣ ከሚገባው በላይ፣ በሜትፎርሚንም ላይ አረፈ፤ አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነው። አሲዶሲሱ በሜትፎርሚን እምብዛም አይታይም፤ ሲከሠት ግን አሳሳች ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሕመምተኛ በትውከት፣ በሆድ ሕመምና በፈጣን ትንፋሽ ሲመጣ የደም ስኳሩ ከፍ ላይል ይችላል።