ጎመንና ጨረር፦ የአንድ ምልከታ የስድሳ ሦስት ዓመት ጉዞ



የዕፅዋት ውሁዶች ሕያዋንን ከጨረር ጉዳት የመከላከል ታሪክ ሰፊ በመሆኑ፣ ዛሬ በአንድ ተክል፣ በጎመን በኩል እከተለዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1949 በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሃርቪ ፓትና ባልደረቦቹ ሲስቴይን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለአይጦች ሰጥተው ለገዳይ የኤክስሬይ መጠን አጋለጧቸው። ሲስቴይን አስቀድመው የወሰዱት በብዛት ተረፉ፤ ከጨረሩ በኋላ መስጠቱ ግን አልጠቀመም። ጨረር በሕዋስ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲሰነጥቅ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል አጥፊ ቅንጣት ይፈጠራል፤ ዕድሜው በሰከንድ ቢሊዮንኛ የሚለካ ነው። ድኝ ያለበት ሲስቴይን ይህን ቅንጣት የሚያመክነው ቀድሞ በስፍራው ከተገኘ ብቻ ነው።

ይህ ሐሳብ የመስኩን አቅጣጫ ለዐሥርታት ወሰነ። የአሜሪካው የዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ምርምር ተቋም ከ4,000 በላይ ውሁዶችን ፈተነ። ከእነርሱ የተገኘው አሚፎስቲን በ1990ዎቹ ለካንሰር ሕሙማን ጸደቀ፤ ይሁን እንጂ ያስመልሳል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል።

ጎመን ወደ ታሪኩ የገባው ገና በጅምሩ ነበር። በ1950 ሉሮና ላርቲግ በፈረንሳይኛ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጎመን የበሉ ጊኒ ፒጎች ኤክስሬይን በተሻለ ሁኔታ እንደ ተቋቋሙ አስታወቁ። በ1959 ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምግብ ምርምር ያካሂዱ የነበሩት ስፔክተርና ዶሪስ ካሎዌይ በጎመንና በብሮኮሊ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ።

ታዲያ ምልከታው ስለ ምን ተዘነጋ? አንዱ ምክንያት ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ ማምረት አይችልም፤ ስለዚህ ጎመኑ ከጨረር ተከላከለ ወይስ የቀለቡን ጉድለት ብቻ ሞላ የሚለው ጥያቄ በቀላሉ አይመለስም። ሁለተኛው ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ የፈላጊው ፍላጎት ነው። ጦር ሠራዊት የሚሻው ወታደር በኪሱ የሚይዘውን አንድ የታወቀ ውሁድ ነው፤ ቅጠል ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሁዶች ድብልቅ ነው።

በ1990ዎቹ በሕንድ ማኒፓል ኡማ ዴቪና ባልደረቦቿ የበሶብላ ዘመድ ከሆነው ቱልሲ ኦሪየንቲንና ቪሰኒን የተባሉ ፍላቮኖይዶችን ለይተው አይጦችን መከላከላቸውን አሳዩ። በማብራሪያቸው ግን ራዲካልን ማምከን አሁንም ዐቢይ ስፍራ ነበረው።

ለውጡ የመጣው በ2013 ነው። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የኤልዮት ሮዘን ቡድን ዲአይኤም በሚል ምህጻር የሚታወቀውን ውሁድ ለአይጦች ሰጠ። የጎመን ቅጠል ሲታኘክ ግሉኮብራሲሲን የተባለው ውሁድ ይፈርሳል፤ ከፍራሹ የሚገኘው ኢንዶል ደግሞ በጨጓራ አሲድ ወደ ዲአይኤም ይለወጣል። መድኃኒቱ ከጨረሩ 24 ሰዓት ዘግይቶ ቢጀመር እንኳ ብዙ እንስሳትን ከሞት አዳነ። በዚያን ጊዜ የሚመክን ራዲካል የለም። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት ዲአይኤም ኤቲኤም የተባለውን ኢንዛይም በማነቃቃት ሕዋሱ የተሰበረውን ዲኤንኤ እንዲጠግን ያግዘዋል። የፓት ሙከራ ዘግቶት የነበረው «ከጨረር በኋላ» የሚለው በር በዚህ በኩል ተከፈተ።

ከዚህ ተነሥቶ ጎመን መብላት ከጨረር ያድናል ማለት ግን አይቻልም፤ ሙከራው የተጣራ ውሁድን በተደጋጋሚ በመስጠት የተካሄደ ነው። የእኛ የሐበሻ ጎመንም ቢሆን ዋነኛው ግሉኮሲኖሌት ሲኒግሪን በመሆኑ የዲአይኤም ምንጭ አድርጎ መቍጠር አያስኬድም።

ሰውን ለገዳይ ጨረር አጋልጦ መድኃኒት መፈተን ስለማይገባ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2002 ጀምሮ ፈዋሽነትን በእንስሳት ማስረጃ ይቀበላል። ፊልግራስቲም በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ጥናት በ2015 ለአጣዳፊ የጨረር ሕመም የጸደቀው በዚሁ ደንብ ነው። እርሱና በኋላ የተከተሉት ፔግፊልግራስቲም፣ ሳርግራሞስቲምና ሮሚፕሎስቲም የደም ሕዋሳትን ምርት የሚያነቃቁ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ከቅጠል የተገኘ ውሁድ በመካከላቸው የለም።